የቦሌው እንፋሎት እና የካዛንቺሱ እሳት፦ ሁለት ውድ የቻይና ምግብ ቤቶች ጎን ለጎን

ሁለቱም ውድ ናቸው፤ ሁለቱም መሃሉ የሚሽከረከር ክብ ጠረጴዛ አላቸው፤ ሁለቱም በራቸው ላይ ቀይ ፋኖስ ሰቅለዋል። መመሳሰላቸው እዚህ ላይ ያበቃል። አንደኛው ከቦሌ መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ ሕንፃ ላይ የተከፈተ የካንቶን ምግብ ቤት ነው። ሌላኛው ካዛንቺስ፣ ከኢሲኤ ብዙም ሳይርቅ፣ ግቢ ውስጥ ያለ የሲቹዋን ቤት ነው። ስም መጥራት አላስፈለገም፤ የቦሌውና የካዛንቺሱ ካልን ይበቃል።

«የትኛው ይሻላል?» ለሚል ሰው አጭሩ መልስ ይኸውና፦ ለምግቡ ካዛንቺስ፤ ለቅዳሜ ረፋድ፣ ለአዛውንት እንግዳ እና ቃሪያ ለማይደፍር ሰው ቦሌ። ረጅሙ መልስ ግን ከአዲስ አበባ ከፍታ ይጀምራል፤ የሁለቱን ወጥ ቤቶች ውጤት ከሼፎቹ እኩል የሚወስነው እሱ ነውና።

ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች። እዚህ ውኃ የሚፈላው በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ባቄላና ሽምብራ የሚቀቅል ሁሉ ቁጥሩን ባያውቀውም በሚፈጀው ከሰል ያውቀዋል። የካንቶን ወጥ ቤት ደግሞ ግማሽ ሥራው እንፋሎት ነው፤ ዳምፕሊንጉ (በስስ ሊጥ የተጠቀለለ ሙሊት)፣ ባኦው (ሙሊት ያለው ለስላሳ ዳቦ)፣ ዓሣው፣ የሩዝ ጥቅሉ ሁሉ በፈላ ውኃ ላይ ተቀምጦ ነው የሚበስለው። ሆንግ ኮንግ ላይ ለ100 ዲግሪ እንፋሎት የተለካ ነገር እዚህ ስምንት ዲግሪ ይጎድልበታል። የሲቹዋን ወጥ ቤት በአመዛኙ በዘይት ይሠራል፤ ዘይት ደግሞ ደጋ ላይ ወጣም ቆላ ወረደ 180 ዲግሪ ከተባለ 180 ዲግሪ ነው።

የቦሌው እንፋሎት

ለቦሌው ቤት መለኪያው ሃር ጋው ነው፤ ሽሪምፕ ከስንዴ ስታርች በተሠራ ቆዳ ተጠቅልሎ የሚመጣው ትንሹ ዳምፕሊንግ። ጥሩ ሃር ጋው ሲቀርብ የሽሪምፑ ሮዝ ቀለም በቆዳው ውስጥ ያሳያል። በአንድ ጎኑ ከሰባት እስከ አሥር የሚሆን ደቃቅ እጥፋት አለው። በቾፕስቲክ ሲነሳ ወረቀቱ ላይ አይጣበቅም፣ አይቀደድምም።

ቆዳው የሚቦካው ግሉተኑ ከወጣለት የስንዴ ስታርችና ከሚፈላ ውኃ ነው። ችግሩም ከዚህ ይነሳል። 92 ዲግሪ የሆነው ውኃ ቀዝቃዛ ሳህን ውስጥ ካለ ዱቄት ጋር ሲገናኝ ሙቀቱ በአንዴ ይወርዳል፤ ስታርቹ በቅጡ ሳይበስል ይቀራል፤ ቆዳው ድፍን ነጭ ሆኖ ይወጣና እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። መላው ሳህኑን አስቀድሞ ማሞቅ፣ ውኃውን ከእሳት እንደወረደ ማፍሰስ፣ ቶሎ አማስሎ መክደን እና አምስት ደቂቃ ያህል በራሱ ሙቀት እንዲበስል መተው ነው። ጥቂት የታፒዮካ ስታርች ሲጨመርበት ደግሞ ቆዳው ይለጠጣል። በእንፋሎት ቅርጫቱ ውስጥ የሚቆይበትም ጊዜ ይረዝማል፤ ባሕር ዳርቻ ላይ ስድስት ደቂቃ የሚበቃው እዚህ ሰባት ስምንት ይፈልጋል።

የቦሌው ሼፍ ይህን አሳምሮ ያውቃል። ቅዳሜና እሁድ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ተኩል የሚወጣው ሃር ጋው ቆዳው ጥርት ያለ፣ ሽሪምፑም ሲነከስ ቀጭ የሚል ነው። አንዱ ቅርጫት አራት ፍሬ ይይዛል። በሥራ ቀን ማታ የሚመጣው ግን የዚያ ወንድም አይመስልም፤ ቀን ተሠርቶ ፍሪጅ ውስጥ የቆየ፣ ጫፉ የደረቀ፣ መሃሉ ሽሪምፑ ላይ የተለጠፈ ነው። ለነገሩ በካንቶን ምግብ አገር በጓንግዶንግ ዲም ሰም፣ ማለትም እንዲህ በትንንሽ ቅርጫት የሚቀርበው ሁሉ፣ የጠዋትና የምሳ ሰዓት ምግብ ነው፤ ከሻይ ጋር ቁጭ ተብሎ የሚበላ። እራት ላይ ማዘዝ በምሽት ጨጨብሳ እንደመጠየቅ ነው፤ ያመጡላችኋል፣ ልባቸው ግን እዚያ የለም።

አምስት ቅርጫት በአንዴ አትዘዙ። የስታርች ቆዳ ከእንፋሎት ከወረደ በኋላ ከሦስት አራት ደቂቃ በላይ አይታገስም፤ በተለይ ከጥቅምት እስከ ጥር ባለው ደረቅ አየር ወዲያው እንደ ላስቲክ ይሆናል። ሁለት ሁለት እያደረጋችሁ አስመጡ፤ መጀመሪያ ሃር ጋው፣ ቀጥሎ ሲው ማይ (የተፈጨ ሥጋ ያለበት፣ አናቱ ክፍት ዳምፕሊንግ)። የሲው ማይ ቆዳ የስንዴ ዱቄትና እንቁላል ስለሆነ ወሬ እስኪያልቅ ይጠብቃል።

ባኦው የዚህ ቤት ደካማ ጎን ነው። ደጋ ላይ የአየሩ ግፊት አነስተኛ በመሆኑ ሊጥ ቶሎ ይነፋል፤ ሼፉ እርሾውንና ቤኪንግ ፓውደሩን ካልቀነሰ ባኦው እንፋሎት ላይ ሲያብጥ ያምርና ክዳኑ ሲነሳ ሟሽሾ ይጨማደዳል። የቦሌው ባኦ ብዙ ጊዜ የተጨማደደ ነው። ጣዕሙ አይበላሽም፤ ግን በዚህ ዋጋ የተጨማደደ ዳቦ መብላት ያስቆጫል።

በአንጻሩ ሙሉ የቆሮሶ ዓሣ በእንፋሎት ካዘዛችሁ የቤቱን ምርጥ ነገር አዘዛችሁ። ከ600 እስከ 700 ግራም የሚሆነው ዓሣ ከእነጭንቅላቱ፣ ጎኑ ተሰንጥቆ፣ ከሥሩ አረንጓዴ ሽንኩርት ተነጥፎለት ይገባል። ሌላ ቦታ ስምንት ደቂቃ የሚበቃው እዚህ አሥር አሥራ አንድ ደቂቃ ይቆያል። ዋናው ብልሃት ከዚያ በኋላ ያለው ነው፦ ሳህኑ ላይ የሚጠራቀመው ነጭ ውኃ የዓሣ ጠረን የተሸከመ ስለሆነ ይደፋል፤ ከዚያ እንደ ክር የተከተፈ ዝንጅብልና ሽንኩርት ከላይ ይነሰነስና የሚያጨስ ዘይት ቸስ ተደርጎ ይፈስበታል፤ ሶያ ሶሱ በጎን ይገባል። ሳህኑ ሲመጣ ፈሳሹን እዩት። ቡናማና የጠራ ከሆነ ሥራው ተሠርቷል። የደፈረሰና ነጣ ያለ ከሆነ ውኃው ሳይደፋ ነው የቀረበው፤ መልሱት። ሥጋው አከርካሪው ላይ በቾፕስቲክ ሲነካ ለቀቅ ማለት አለበት፤ እንደ ጥጥ የተፈረፈረ ግን ሁለት ሦስት ደቂቃ አልፎበታል።

ዳክዬን በተመለከተ ሜኑው ላይ ሁለት ዓይነት አለ፤ አንደኛው የቤጂንግ፣ ሌላው የካንቶን። የቤጂንጉ ቆዳው በማልቶስ (የብቅል ስኳር) ተቀብቶ፣ ሌሊቱን ተሰቅሎ ደርቆ፣ ተጠብሶ በስሱ የሚቆረጥ ሲሆን ከስስ ቂጣ፣ ከኪያርና ከጣፋጭ ሶስ ጋር ይቀርባል። የካንቶኑ ሆዱ በአምስት ቅመም ተሞልቶ፣ ተሰፍቶ፣ ተጠብሶ ከእነአጥንቱ ይቆራረጣል። የሚዋጣላቸው ሁለተኛው ነው። የቤጂንጉ ዳክዬ ሕይወቱ የደረቀ ቆዳ ነው፤ በክረምት፣ ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም፣ የአዲስ አበባ አየር ረጥቦ ስለሚከርም ቆዳው እንደ ቆሎ መንኮሻኮሹ ይቀርና ማስቲካ ይሆናል። በበጋ ብትሞክሩት ይሻላል። በሁለቱም ወቅት ከአንድ ቀን በፊት ደውሎ ማዘዝ ግድ ነው፤ «አሁኑኑ አለ» ከተባላችሁ የትናንቱ ነው።

የካዛንቺሱ እሳት

የካዛንቺሱ ቤት ወጥ ቤቱ በመስታወት ይታያል፤ ከመቀመጣችሁ በፊት አንድ ደቂቃ ቆማችሁ ስሙት። የዎክ (ጎድጓዳው የቻይና መጥበሻ) ምድጃው እንደ ጄት ያጓራል። ድምፁ ከጋዙ ብቻ አይደለም፤ ከሥሩ አየር የሚነፋ ፋን አለ። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ገደማ በመሆኑ እሳት የሚፈልገውን ኦክስጅን በበቂ አያገኝም፤ የቤት ምድጃ ላይ የሚጠበስ ሁሉ ወጥ ወጥ የሚለውም በከፊል ከዚህ የተነሳ ነው። ፋኑ ያንን ያካክሳል። ሼፉ ዎኩን ሲወረውር የዘይቱ ብናኝ እሳቱን ይነካና ብልጭ ይላል፤ ምግቡ ላይ የሚቀረው ያ ስስ የጭስ ጣዕም ዎክ ሄይ ይባላል። የሚገርመው ቃሉ የካንቶኖች ነው፤ ነገሩ ግን የሚገኘው ሲቹዋኖቹ ቤት ነው።

ከዚሁ ጋር የተያያዘ አንድ ማስጠንቀቂያ አለ። መብራት ሲጠፋ ጋዙ ይነዳል፣ ፋኑ ግን ይቆማል። ጄኔሬተሩ ለመብራትና ለፍሪጅ እንጂ ለሁሉም ፋን አይበቃም። መብራት በሄደ ሰዓት ከደረሳችሁ የሚጠበስ አትዘዙ፤ የሚንተከተክ እዘዙ፦ ማፖ ቶፉ (የአኩሪ አተር እርጎ የመሰለ ቶፉ በሚያቃጥል ሶስ)፣ በሸክላ ድስት የሚመጣ ሥጋ፣ ሆት ፖት (ጠረጴዛ ላይ የሚንተከተክ መረቅ)።

ኩንግ ፓኦ ዶሮን እንደ ፈተና ውሰዱት። ስሙን ያገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን ሲቹዋንን ካስተዳደረው ከዲንግ ባዎጄን የማዕረግ ስም ነው። እኛ ከተማ ውስጥ በዚህ ስም ብዙ ነገር ይሸጣል፤ አብዛኛው ቃሪያ፣ ካሮትና ሽንኩርት የበዛበት፣ ካቻፕ ካቻፕ የሚል የዶሮ ጥብስ ነው። የካዛንቺሱ እንደሚገባው ነው የሚሠራው። የጭኑ ሥጋ አንድ ሴንቲ ሜትር ተኩል በሚያህል ቁራጭ ይከተፋል፤ በጨው፣ በሶያ ሶስ፣ በጥቂት ውኃና በበቆሎ ስታርች ይታሻል። ስታርቹ ዶሮው ውኃውን እንዳይለቅ ያግደዋል። ደረቁ በርበሬና ሁዋጂያዎው (ምላስ የሚያደነዝዘው የሲቹዋን ቅመም) በጋለ ዘይት መጀመሪያ ይገባሉ፤ በርበሬው ወደ ቡናማ ቀይ ሲያደላ ዶሮው ይከተላል፤ ጠቁሮ ከሆነ ምግቡ መራራ ነው። ስኳር፣ ኮምጣጤ፣ ሶያ ሶስና ስታርች በአንድ ጎድጓዳ ሳህን ቀድሞ ተበጥብጦ ይጠብቃል፤ በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ይደፋበታል። ለውዙ መጨረሻ ላይ ይገባል፤ የረጠበ ለውዝ ካገኛችሁ ቀድሞ ነው የገባው።

በትክክል የተሠራው ሳህን ላይ ሶሱ እያንዳንዱን ቁራጭ ይለብሳል፣ ከሥር ኩሬ አይሠራም። በምሳ ግርግር፣ በተለይ ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ሰዓት ተኩል፣ ወጥ ቤቱ የሦስት ጠረጴዛ ትእዛዝ አንድ ዎክ ውስጥ ይከታል። ዎኩ ይቀዘቅዛል፤ ዶሮው ውኃውን ይለቃል፤ ኩሬው ይመጣል። ከዚያ ሰዓት ቀደም ወይም ዘግየት ብሎ መግባት ከማንኛውም ቅሬታ ይሻላል።

ማፖ ቶፉው ደግሞ የቤቱ ኩራት ነው። የተቆራረጠው ቶፉ መጀመሪያ ጨው ባለበት ሙቅ ውኃ ውስጥ ይቆያል፤ ይህ የጥሬ አኩሪ አተር ጠረኑን አውጥቶ እንዳይፈራርስ ያጠነክረዋል። ጣዕሙ የሚመጣው ከዱባንጂያንግ ነው፤ ከባቄላና ከቀይ በርበሬ ተብላልቶ የሚሠራ ድልህ መሰል ነገር፣ ስመ ጥሩው ቼንግዱ አጠገብ ካለው ፒሺያን የሚመጣው። ስልጆ የሚያውቅ ሰው ይህን ጣዕም ለመረዳት ብዙ አይቸገርም፤ የተብላላ ባቄላ ዘመዱን ያውቃል። ሳህኑ ዳር ላይ ቀይ ዘይት ተለይቶ መታየት አለበት፤ ካልታየ ዱባንጂያንጉ በዘይት በደንብ አልተቁላላም፤ ወጥ ሽንኩርቱ ሳይበስል ዶሮ እንደተጨመረበት መሆኑ ነው።

ሁዋጂያዎ ቁንዶ በርበሬ አይደለም። ዘመዱ ከሎሚና ብርቱካን ወገን ነው፤ አያቃጥልም፣ ያደነዝዛል። ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀምስ ሰው ምላሱ ላይ ተኝቶ የነበረ እግር ሲነቃ የሚሰማው ዓይነት ንዝረት ይሰማውና ይደነግጣል፤ ጤናው ነው፣ አሥር ደቂቃ አይቆይም። ትኩሱ ሲሸት ሎሚ ሎሚ ይላል፤ ያረጀው ምላስ ሳያደነዝዝ ብቻ ይመራል። የካዛንቺሱ ትኩስ ነው። በሚጥሚጣ ያደገ ሰው «ቅመሙ ይብዛ» ብሎ ሲያዝ በርበሬውን እንጂ ሁዋጂያዎውን አይጨምሩለትም፤ ሁለቱም እንዲጨመር ከፈለጋችሁ «ማላው ይብዛ» በሉ፤ ማላ ማደንዘዙና ማቃጠሉ አንድ ላይ ነው።

ደረቁ በርበሬ አይበላም። ላዙጂ የተባለው የተጠበሰ ዶሮ ሲመጣ ሳህኑ ሦስት አራተኛው በርበሬ ነው፤ ዶሮውን ከውስጡ ፈልጎ ማውጣት ነው ጨዋታው። ሹይዡ ዓሣም ቀይ ዘይት ላይ ተንሳፍፎ ሲመጣ ሾርባ ይመስላል። አይደለም፤ በማንኪያ የጀመረ ሰው ማታውን ያስታውሰዋል። ዓሣውን ከዘይቱ አውጥቶ፣ አንጠፍጥፎ፣ ሩዝ ላይ ማድረግ ነው።

ይህ ቤት ለምን እንዲህ እንደበረታ ለሚጠይቅ፣ አንዱ ምክንያት ደንበኛው ነው። በ2008 ዓ.ም. አገልግሎት የጀመረውን ቀላል ባቡር ከሠሩት የቻይና የባቡር ኩባንያዎች መካከል ዋና መሥሪያ ቤቱ የሲቹዋኗ ቼንግዱ የሆነ አለ። የአገሩን ምግብ የሚያውቅ መሐንዲስ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ ሳለ ማፖ ቶፉን በካቻፕ ማቅረብ አይቻልም።

ካዛንቺስ የሚሸነፈው በሩዝ ነው። ነጭ ሩዙ ብዙ ጊዜ ዳሩ ለስልሶ መሃሉ ጥሬነት የቀረው ነው፤ በ92 ዲግሪ ያለ ግፊት ድስት የተቀቀለ ሩዝ ዕጣው ይህ ነው። ቦሌዎች ዘፍዝፈው ስለሚቀቅሉት ፍሬው እኩል ይበስላል። የተጠበሰ ሩዝም ከፈለጋችሁ የቦሌውን እዘዙ፤ ባደረ ሩዝ ነው የሚሠሩት፣ እንዲያ ካልሆነ ደግሞ ይላቁጣል።

ጾም፣ አሳማ እና ቅርፊት

ሜኑው ላይ «ቬጀቴሪያን» የሚል የቅጠል ምልክት ማየት ለረቡዕና ዓርብ አይበቃም። ምልክቱ ሥጋ በቁራጭ የለም ማለት ብቻ ነው። ሦስት ነገር ያመልጣል፦ መረቁ የዶሮ ነው፤ አትክልቱ ላይ የሚፈሰው ቡናማ ሶስ የኦይስተር (ዛጎል ያለው የባሕር ፍጥረት) ነው፤ የተጠበሰ ሩዙና አንዳንዱ ኑድል እንቁላል አለበት። «የጾም ነው ወይ?» ብላችሁ አትጠይቁ፤ አስተናጋጇ «አዎ» ትላለች፣ ሼፉ ግን ጾምን በአትክልት ብቻ ነው የሚተረጉመው። እንዲህ ጠይቁ፦ «መረቁ የምንድን ነው? ኦይስተር ሶስ ይገባበታል? እንቁላልስ?» ቦሌዎች ለኦይስተር ሶስ ምትክ የእንጉዳይ ሶስ አላቸው፤ ከጠየቃችሁ ብቻ ይጠቀሙበታል።

የካዛንቺሱ ደረቅ የተጠበሰ ፎሶሊያ ለጾም ምርጥ ነው፤ ነገር ግን በተለመደው አሠራር የተፈጨ የአሳማ ሥጋ ይነሰነስበታል። ያለሱ ሲሠራ ከምንም አይጎድልም፤ ፎሶሊያው ቆዳው እስኪጨማደድ በዘይት ከበሰለ በነጭ ሽንኩርትና በደረቅ በርበሬ ብቻ ይበቃዋል። ሜኑው «የዓሣ ሽታ ያለው» የሚለው ደበርጃን ደግሞ ዓሣ የሚባል ነገር የለበትም፤ ስሙ ከዓሣ ጋር ከሚሄደው ቅመም የመጣ ነው። በዚህም ውስጥ የተፈጨ ሥጋ ሊኖር ስለሚችል አስቀሩት።

አሳማ ለማይበላ ሰው ዋናው አደጋ ቁራጩ አይደለም፤ ቁራጩ ይታያል። የማይታየው በሲው ማይ፣ በዳን ዳን ኑድልና በባኦ ውስጥ የተፈጨው ነው። ማፖ ቶፉ ጥንት በበሬ ሥጋ የሚሠራ ቢሆንም ዛሬ ብዙ ቦታ በአሳማ ይሠራል፤ ካዛንቺስ የበሬ ነው፣ ያም ሆኖ በየጊዜው መጠየቅ አይከፋም። ቦሌ ሲው ማይን በዶሮና በሽሪምፕ የሚሠራበት ቅርጫት ለብቻው አለ።

ዓሣን በተመለከተ፣ ቅርፊትና ክንፍ የሌለውን የማይበላ ሰው የሹይዡን ዓሣ ዓይነት ያጣራ። ለዚህ ምግብ አጥንቱ የማያስቸግር አምባዛ ይመረጣል፤ አምባዛ ደግሞ ቅርፊት የለውም። በቆሮሶ ሥሩልኝ ማለት ይቻላል፤ አጥንቱን የመልቀም ሥራው የእናንተ ይሆናል። ሃር ጋው ሽሪምፕ ስለሆነ በዚሁ ሚዛን ይወጣል።

ሂሳብ፣ ሰዓት፣ መኪና

ሜኑ ላይ ያለው ዋጋ የምትከፍሉት አይደለም። ሁለቱም ቤቶች 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያ ይጨምራሉ፤ 15 በመቶው ቫት የሚሰላው ደግሞ ከዚያ ድምር ላይ ነው። 1,000 ብር የተጻፈበት ሳህን መጀመሪያ 1,100፣ ቀጥሎ 1,265 ብር ይሆናል። ስለዚህ 25 በመቶ ብላችሁ ያሰባችሁት 26.5 ነው። የአገልግሎት ክፍያ ተከፍሎ ሳለ ጉርሻ ግዴታ አይደለም።

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ያለበት ሳህን ሁሉ ዋጋው ላይ ተለጣፊ ወረቀት በላይ በላዩ ተደራርቦበታል፤ ሽሪምፕ፣ ዳክዬ፣ የውጭ መጠጥ። የቦሌው ሜኑ በእነዚህ ላይ ስለሚንጠለጠል ሂሳቡ ይከብዳል። ካዛንቺስ በዶሮ፣ በቶፉ፣ በፎሶሊያና በደበርጃን ጥሩ ማዕድ መሥራት ስለሚቻል በተመሳሳይ ገንዘብ አንድ ሰው ተጨማሪ ይጋበዛል።

አስተዛዘዙ ቀላል ነው፦ በሰዎቹ ቁጥር ልክ ሳህን፣ ሲደመር አንድ። አራት ሰው አምስት ሳህን። ከአምስቱ አንዱ አትክልት፣ አንዱ የማያቃጥል ይሁን። ከአንድ ትሪ ለሚበላ አገር ሰው ይህ አዲስ አይደለም፤ አዲስ የሚሆነው እያንዳንዱ ለራሱ አንድ ሳህን አዝዞ ሲያቅፍ ነው፣ የቻይና ምግብም በዚህ መንገድ ሲበላ ሁልጊዜ ጎዶሎ ይመስላል።

ቦሌ መስተንግዶው የተሳካ ነው፤ ሻዩ ሲያልቅ የማንቆርቆሪያውን ክዳን ገልጣችሁ ጎን ላይ ካስቀመጣችሁ ሳትጣሩ ይሞሉታል። ካዛንቺስ እጅ ማውጣት፣ አንዳንዴም መነሳት ያስፈልጋል። ለብቻ ክፍል ሁለቱም ዝቅተኛ ወጪ ይጠይቃሉ፤ መጠኑንና አገልግሎትና ቫት ከመጨመሩ በፊት ይሁን በኋላ በስልክ አስቀድማችሁ አስነግሩ፤ ጭቅጭቁ ሁሉ ከዚያ ነው የሚነሳው። ከ8 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ዋናዎቹ ሼፎች ያርፋሉ፤ በሩ ክፍት ነው፣ ዎኩን የያዘው ግን ረዳቱ ነው። መኪና ካዛንቺስ ግቢ ውስጥ ስምንት ያህል ይይዛል። ቦሌ ከሕንፃው ሥር ማቆሚያ አለ፤ ትኬቱን ማህተም ካላስመታችሁ ለብቻው ትከፍላላችሁ። በቴሌብር ሁለቱም ይቀበላሉ።

ጠቅልሉልኝ ማለት ነውር አይደለም፣ ግን ሁሉም ነገር አይጠቀለልም። የተጠበሰ ነገር ክዳኑ በተገጠመ ዕቃ ውስጥ በራሱ እንፋሎት ይረጥባል፤ ክዳኑን ሁለት ቦታ እንዲበሱት ጠይቁ ወይም መኪና ውስጥ ገርበብ አድርጉት። ሃር ጋው ማይክሮዌቭ ውስጥ ከገባ ቆዳው ይደድራል፤ በወንፊት ላይ አድርጎ በፈላ ውኃ እንፋሎት አራት ደቂቃ ማሞቅ ይበቃዋል። ማፖ ቶፉ ግን በማግስቱ ይበልጥ ይጥማል፤ ቅመሙ ቶፉው ውስጥ ገብቶ ያድራል። ሲሞቅ ሁለት ማንኪያ ውኃ ጠብ አድርጉበት፤ ስታርቹ ሌሊቱን ጠጥሮ ስለሚያድር ያለዚያ ከድስቱ ሥር ይያዛል።